ተጠባባቂዋ ስልከኛ

እናናየሁ ገብረአማኑኤል የማትሪክ ውጤቷን ለጠየቃት ሰው ሁሉ የምትመልሰው በሁለት ሰው ስም ነበር። «እኔ አንድ ነጥብ ስምንት፣ አፊፋ አንድ ነጥብ ስድስት» ትላለች። የአፊፋን ውጤት የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም። ሁለቱም ቁጥሮች ዩኒቨርሲቲ አያስገቡም። ለእናናየሁ ግን በሁለቱ መካከል ያለችው ትንሽ ልዩነት ቀላል ነገር አልነበረችም።

እናናየሁ የአንኮበር ልጅ ናት። አባቷ ጥቂት መሬት የሚያርሱ፣ ከአዝመራ ጊዜ ሲተርፋቸው የሰው ቤት ሣር የሚከድኑ ሰው ነበሩ። አፊፋ አብዱልሀሚድ ደግሞ ከአንኮበር ቁልቁል ተወርዶ የሚደረስባት የአልዩ አምባ ልጅ ናት፤ አባቷ የጥጥና የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ሁለቱ የተዋወቁት አንኮበር ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ነው። በስድሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ደብረ ብርሃን ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ አባቶቻቸው ተመካክረው ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራዩላቸው። አራት ዓመት አብረው ኖሩባት። አንዷ የሌላዋን እርድ ስለማትበላ ሥጋ ወደዚያች ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ድስታቸው የሚያውቀው ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ብቻ ነበር። ስለዚህም ከአንድ ትሪ እየበሉ አደጉ።

ማትሪኩ ካለፈ በኋላ ሥራ ፍለጋው መጣ። በዚያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ሰው በየማለዳው የሚሄደው አውራጃ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ወደተሰቀለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ከዚያ ወደ አንድ ፀጉር አስተካካይ ቤት ይሄዳል። ጋዜጣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲመጣ አንድ ቅጂ ለፀጉር አስተካካዩ ይደርሰዋል፤ እሱም ደንበኛ እስኪገባ ድረስ ሥራ ፈላጊዎቹ ቆመው እንዲያነቡ ይፈቅድላቸዋል። የቀረው በወሬ ነው። ሁለቱ ልጆች አንድ ደብተር ነበራቸው። በየቀኑ ያዩትን ማስታወቂያ፣ የወጣበትን ቀንና የሚዘጋበትን ቀን ይጽፉበታል። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያወጣሉ፣ ማመልከቻቸውን በንጹሕ ወረቀት ይገለብጣሉ፣ ያስገባሉ፣ ይጠብቃሉ። «ያየሽውን ሁሉ ትነግሪኛለሽ» ብላ አፊፋ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቃት እናናየሁም «እነግርሻለሁ» ብላታለች።

አንድ ዓመት ተኩል እንዲሁ አለፈ። በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት መጋቢት ላይ ሰሌዳው ላይ አጭር ወረቀት ተለጠፈ። የከተማው ስልክ ቤት አንዲት ስልከኛ ይፈልጋል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ድምፅዋ የጠራ። ቀድማ ያየችው እናናየሁ ናት። ቀኑን ሙሉ በሆዷ ይዛው ዋለች። በማግስቱ ጠዋት ግን አፊፋ ራሷ ሰሌዳው ጋ መድረሷ እንደማይቀር አሰበችና ቁርስ ላይ፣ ትዝ ያላት ገና አሁን እንደሆነ አስመስላ፣ «ለካ ስልክ ቤትም ሰው ይፈልጋል» አለቻት።

ለፈተናው ሠላሳ አራት ልጃገረዶች ቀረቡ። የጽሑፉ ፈተና አብዛኞቹን አልከበዳቸውም። ሁለተኛው ፈተና የድምፅ ነበር። ተፈታኟ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቆማ፣ ከወረቀት ላይ የከተማ ስምና ቁጥር በስልክ ታነባለች፤ ፈታኞቹ በሌላው ክፍል ያዳምጣሉ። እናናየሁ ጎበዝ መሆኗን ለማሳየት አንዴም ሳትደናቀፍ አንበለበለችው። አፊፋ ጆሮው ለከበደ ሽማግሌ የምትናገር ይመስል እያንዳንዱን ቁጥር ለየብቻ አስቀመጠችው። በመጨረሻ ሌላ ቋንቋ የምትችል እንዳለች ሲጠየቅ እጇን ያወጣች እሷ ነበረች። አልዩ አምባ ገበያ ውስጥ ያደገ ሰው ኦሮምኛውንም አርጎብኛውንም ይሰማል፤ አፋርኛም ቢሆን ትንሽ አይጠፋውም። «ለበርበሬና ለጥጥ የሚበቃኝን ያህል እችላለሁ» ብላ ፈታኞቹን አሳቀቻቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱ ተለጠፈ። ወረቀቱ ላይ ያሉት ሁለት ስሞች ብቻ ነበሩ። ከላይ «አፊፋ አብዱልሀሚድ»፣ ከታች ደግሞ «ተጠባባቂ፦ እናናየሁ ገብረአማኑኤል» ይላል።

አፊፋ ጓደኛዋን አቅፋ «አልሐምዱሊላህ፣ ሁለታችንም አለንበት» አለቻት። እናናየሁም አቀፈቻት። ዓይኗ ግን በአፊፋ ትከሻ ላይ አልፎ ወረቀቱ ላይ ነበር። ተጠባባቂ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አሰበች። ሌላዋ ስትወድቅ ለመነሣት የምትጠብቅ ማለት ነው።

አፊፋ ሥራ ስትጀምር እናናየሁ የኪራዩን ድርሻ መክፈል ስላልቻለች ወደ አክስቷ ወደ እትዬ ደመቀች ቤት ገባች። እትዬ ደመቀች የበግ ፀጉር እየገዙ፣ እያስፈተሉ፣ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስና በርኖስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች የሚያቀርቡ ሴት ነበሩ። እናናየሁ ጠዋት ሰሌዳ ታያለች፤ ከሰዓት በኋላ ትፈትላለች። የፀጉሩ ቅባት ከእጇ አይለቅም። አንድ ቀን አፊፋ ከሥራ ስትወጣ መንገድ ላይ ተገናኙ። አፊፋ ቡናማ ካፖርት ለብሳለች፤ ጥፍሮቿ ንጹሕ ናቸው። ልትጨብጣት እጇን ስትዘረጋ እናናየሁ የራሷን ወደ ነጠላዋ ስር አስገብታ «እጄ ቆሻሻ ነው» አለቻት። ቆሻሻ አልነበረም።

አፊፋ ግን አልተወቻትም። በየሁለት ሦስት ቀኑ ትናንሽ ወረቀቶች ይዛ ወደ እትዬ ደመቀች ቤት ትመጣለች።

«ደብረ ሲና አንድ ሥራ አለ» አለቻት አንድ ሰኞ ማታ። «የገበሬዎች አገልግሎት ማኅበር ጸሐፊ ይፈልጋል። ትርፌ ዛሬ ጠዋት ከሰሌዳቸው ላይ አንብባልኝ ነው።»

«ትርፌ ደግሞ ማን ናት?»

«የደብረ ሲናዋ ስልከኛ። መልኳን አይቼው አላውቅም፤ ድምፅዋን ብቻ ነው የማውቀው።»

ከዚያ ነገሩን አስረዳቻት። ስልከኞች ጠዋት ባለጉዳይ ከመግባቱ በፊት መስመሩ ደኅና ማደሩን ለማወቅ እርስ በርስ ይጠራራሉ። አፊፋም በዚያች አፍታ ደብረ ሲናን፣ መዘዞን፣ ኮምቦልቻን፣ አንዳንዴም ደሴን «ሰሌዳችሁ ላይ ምን ወጣ?» ብላ ትጠይቃቸዋለች። እነሱም ወደ ሥራ ሲመጡ በመንገዳቸው አንብበው ይነግሯታል። የሰማችውን በቁራጭ ወረቀት ትጽፋለች።

እናናየሁ ወረቀቱን ተቀበለች፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። አፊፋ ስትወጣ ግን ውስጧ ተቃጠለ። እሷ በጭቃ ተመላልሳ የምታነበው አንድ ሰሌዳ ነው። አፊፋ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች የአምስት ከተማ ሰሌዳ ታነባለች። «የሚተርፋትን ደግሞ ለእኔ ታመጣልኛለች» ብላ አሰበች።

ማክሰኞ ቀበሌ ሄዳ የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቅ ትችል ነበር። አልሄደችም፤ ለአፊፋ ወሬ መሮጥ ክብሯን የሚነካ መሰላት። ረቡዕ ስትሄድ ማኅተሙን የያዙት ሰው አልነበሩም። ሐሙስ ደብዳቤውን ይዛ በጭነት መኪና ቁልቁለቱን ወርዳ ደብረ ሲና ስትደርስ ቦታው ትናንት ሰው እንደተቀጠረበት ነገሯት። ከመንገዱ ዳር በቆሎ እሸት ገዝታ፣ መመለሻ መኪና እየጠበቀች፣ እየጋጠች፣ የደረሰችበት ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር። «አፊፋ ቀኑ እስኪያልፍ ጠብቃ ነው የነገረችኝ።» ይህን ሐሳብ ስታገኘው እንደመታመም ሳይሆን እንደመዳን አደረጋት። ከዚያ ወዲያ አፊፋ ወረቀት ባመጣች ቁጥር መጀመሪያ የምታየው የሚዘጋበትን ቀን ሆነ።

እትዬ ደመቀች ነገሩ ገብቷቸዋል። አንድ ቀን እየፈተሉ «ይቺ ልጅ ምን አድርጋሽ ነው እንዲህ የምታኮርፊያት?» አሏት።

«ምንም አላደረገችኝም፣ እትዬ።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ» አሉና ፈትላቸውን ቀጠሉ።

በሰባ አምስት ጥር ውስጥ እናናየሁ ለአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ያስገባችውን ማመልከቻ ውጤት ለመጠየቅ ስልክ ቤት ሄደች። ተራ ይዛ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አፊፋ ያለችበት የማዞሪያ ክፍል በጣውላ ግድግዳ ተከልሎ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ይሰማል። አንድ ሸበቶ ሰውዬ ደሴ ያለ የታመመ ወንድሙን ሊያነጋግር ከጠዋት ጀምሮ ይጠብቃል። የደሴ መስመር በዚያ ቀን ተበላሽቶ ነበር፤ ሰውዬው ግን ይህን አልተቀበለውም።

ከጣውላው ማዶ የአፊፋ ድምፅ እንዲህ ሲል ተሰማ፦ «አዎ፣ አሥራ ሁለት ጨርሳለች። አንድ ነጥብ ስምንት። የእጅ ጽሑፏ ከእኔ በጣም ይሻላል፤ ወላሂ ትርፌ፣ ብታያት ትወጃታለሽ። እስከ መቼ ድረስ ነው የሚቀበሉት?»

እናናየሁ ፊቷ ጋለ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ስለ እሷ እንደሚወራ ያወቀ መሰላት። ውጤቷ፣ ሥራ ማጣቷ፣ የእጅ ጽሑፏ ሳይቀር በሽቦው ላይ ደብረ ሲና ወርዶ የሰው መወያያ ሆኗል። ያን ጊዜ ለአፊፋ የተሰማት ነገር ጥላቻ ነው ለማለት ይከብዳል፤ ከጥላቻ ይልቅ ለልብ የቀረበ፣ የሚያንገበግብ ነገር ነበር።

ሸበቶው ሰውዬ ብድግ ብሎ «እኛ እዚህ ደርቀን እሷ ወሬዋን ትሰልቃለች» ብሎ የስልክ ቤቱን ኃላፊ አቶ ወልደተንሣኤን ጠራ። አቶ ወልደተንሣኤ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አለቃቸውን ግን ይፈራሉ። በዚያን ሰሞን በመንግሥት ስልክ የግል ጉዳይ እንዳይወራ ጠንካራ መመሪያ መጥቶላቸው ነበር። ሰውዬውን አረጋግተው ዘወር ሲሉ እናናየሁን አዩአት፤ ያውቋታል።

«አንቺ ጓደኛዋ ነሽ» አሉ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው። «እውነት በሥራ ሰዓት የግል ወሬ ታወራለች?»

እናናየሁ መልሱን ታውቀው ነበር። «ለእኔ ሥራ እየጠየቀችልኝ ነው፤ የደሴ መስመርም የተበላሸ ነው» ማለት ትችል ነበር። ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ። ከደብረ ሲናዋ ልጅ ጋር ስታወራ እሰማለሁ።»

ውሸት አልተናገረችም። በኋላ በየቀኑ ለራሷ የምትነግረው ይህንኑ ነበር። በዚያች ደቂቃ ተጠባባቂነቷ ፈጽሞ ትዝ እንዳላላትም ለራሷ ደጋግማ ነግራለች። ይኼኛውን ግን ራሷም አላመነችውም።

በሳምንቱ አፊፋ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፤ ወደ መዘዞም ተዛወረች። መዘዞ ብርዷ የሚያንዘፈዝፍ፣ ቀኑን ሙሉ አሥር ሰው የማይደውልባት ትንሽ ጣቢያ ናት። ልትሰናበት ስትመጣ እናናየሁ ገበያ ወጥታ ነበር። እትዬ ደመቀች ወፍራም ባና ጠቅልለው ሰጧት። ከአምስት ቀን በኋላ ለእናናየሁ ደብዳቤ መጣላት። የተጠባባቂነት ጊዜዋ ስላላለፈ ሥራ እንድትጀምር ይላል።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ደብረ ሲና እየጠራች መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ማዞሪያው ላይ ሲወድቅ ገመዱን ሰካች።

«አፊፋ?» አለ አንድ የሚስቅ ድምፅ።

«አይደለሁም። አዲሷ ነኝ። እናናየሁ እባላለሁ።»

«እናናየሁ፣ የአንኮበሯ?»

«አዎ።»

«በመጨረሻ አገኘሽ ማለት ነው፤ እሰይ። ስምሽን ስንት ወር እንደሰማሁት ብታውቂ። ይቺ ልጅ ጠዋት ጠዋት ‹ሰሌዳው ላይ ምን አለ› ብላ ታደርቀኝ ነበር፤ አንዳንዴ ሳላነብ ስመጣ እንደገና ወደ ሰሌዳው ትመልሰኛለች። እሷስ የት ሄደች?»

«መዘዞ ተዛውራለች።»

«መዘዞ?» አለች ትርፌ። ደስታዋ ከድምፅዋ ጠፋ። «ምን አጠፋች?»

እናናየሁ ባለጉዳይ መጥቷል ብላ ገመዱን ነቀለች። ባለጉዳይ አልነበረም።

ወንበሩን ማግኘት ያስታግሰዋል ብላ ያሰበችው ነገር አልበረደም፤ ባሰ። ከኮምቦልቻም ከደሴም የሚደውሉት ሁሉ «አፊፋ የለችም?» ይላሉ። የአልዩ አምባ ነጋዴዎች መጥተው ስለ ጠፋ ዕቃቸው በኦሮምኛ የሚያስረዱት ሰው ሲያጡ «ያቺ የአብዱልሀሚድ ልጅ ብትኖር» እያሉ ይወጣሉ። ያ ሸበቶ ሰውዬ እንኳ አንድ ቀን መጥቶ «የፊተኛዋ ትሻል ነበር፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው» አላት። በሌለችበት የምትወደድን ሴት እንዴት ይቀኑባታል? እናናየሁ ግን ቀናች። ካፖርት ገዛች፤ ሰማያዊ። አፊፋ የለበሰችውን ያህል አላማረባትም።

ከሁሉም የከበዳት መዘዞ ነበር። የመዘዞ መስመር የሚያልፈው በደብረ ብርሃን በኩል ስለሆነ አፊፋ በየቀኑ ትደውላለች።

«ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባን አገናኚኝ» ትላለች።

«ቁጥር ስንት?» ትላለች እናናየሁ።

አፊፋ ቁጥሩን አንድ በአንድ ትነግራታለች። ሦስት ወር ሙሉ ከዚህ ሌላ ቃል አልተለዋወጡም። አፊፋ አንድም ቀን አላኮረፈችም፤ አንድም ቀን ደግሞ «እንዴት ነሽ» አላለችም። እናናየሁ ብትሰድባት ደስ ይላት ነበር።

በግንቦት ወር አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወደ ቤት አልገባችም። ድንች የጫነ መኪና ለምና፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ መዘዞ ሄደች። የአፊፋን ቤት ለማግኘት አልተቸገረችም፤ የመጀመሪያዋ የጠየቀቻት ሴት እስከ በሩ ወሰደቻት።

አፊፋ ባናዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ልብስ ታጥብ ነበር። ከስታለች፤ ከንፈሯ በብርዱ ተሰነጣጥቋል። «ግቢ» አለቻት።

እናናየሁ ገባች፤ ሳትቀመጥ ተናገረች። «አቶ ወልደተንሣኤ ጠይቀውኝ ነበር። ለእኔ እንደምትጠይቂልኝ አልነገርኳቸውም።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እሳቸው። ‹ጓደኛሽ እንኳ መስክራለች› አሉኝ።» አፊፋ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «በዚያን ቀን አግዳሚው ላይ እንዳለሽ በጣውላው ክፍተት አይቼ ነበር። ለትርፌ ስለ ጽሑፍሽ ጮክ ብዬ የነገርኳት አንቺ እንድትሰሚው ነው። ወር ሙሉ አኩርፈሽኝ ነበር፤ ደስ ይላታል ብዬ።»

እናናየሁ «አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?» አለቻት። «‹ለእናናየሁ ነው› ብትያቸው ቢያንስ ጥፋቱ ይቀልልሽ ነበር።»

«ስምሽን ብጠራ አንቺንም በአንድ ወረቀት ላይ ይጽፉሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ይቀጥርሻል? ተጠባባቂ ነበርሽ።» ይህን ያለችው ቁጥር ስታነብ እንደምትናገረው፣ ቀስ ብላ ነው። «ሁለታችንም ከምንቀር አንዳችን ትሥራ አልኩ። በኋላ ግን ተናድጃለሁ። አሁንም ተናድጃለሁ።»

«ይቅር በይኝ።»

«ዛሬ አልችልም፣ እናናየሁ። ምሳ ግን ብዪ። ምስር ሠርቻለሁ።»

አብረው በሉ። መመለሻ መኪና እስኪመጣ አፊፋ መንገድ ዳር አብራት ቆመች።

ሰኞ ጠዋት እናናየሁ አቶ ወልደተንሣኤ ክፍል ገባች። የዚያን ቀን አፊፋ የምታወራው ስለ ምን እንደነበር፣ የደሴ መስመርም እንደተበላሸ፣ ይህንን ሁሉ እያወቀች ዝም እንዳለች ተናገረች።

አቶ ወልደተንሣኤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «አንቺ ልጅ፣ ይህን ለምን ትነግሪኛለሽ? ወንበሩ ላይ ተቀምጠሻል እኮ።»

«ስለተቀመጥኩበት ነው።»

«በጽሑፍ ትሰጫለሽ?»

ወደ ፈትሉ መመለሷን አሰበች፤ የሰሌዳው ጭቃ በዓይኗ ላይ መጣ። ከዚያ ወረቀት ጠየቀች። አፊፋ ያመሰገነችው የእጅ ጽሑፏ በዚያን ቀን እንደ ሕፃን ጽሑፍ ተንጋደደ።

ከሥራ አላባረሯትም። እሷም ማስጠንቀቂያ ተጻፈባትና ወረቀቱ ከፋይሏ ገባ። የአፊፋ ማስጠንቀቂያ የተነሣው ግን ስምንት ወር ካለፈ በኋላ ነው፤ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲሄድ ከረመ። ወደ ደብረ ብርሃን እንድትመለስ ቦታ አልነበረም። ማስጠንቀቂያው በመነሣቱ ግን አዲስ አበባ ለወጣ የስልከኝነት ሥራ መወዳደር ቻለች። ማስታወቂያውን ያነበበችላት ከአዲስ አበባ ጫፍ የምታናግራት አንዲት ስልከኛ ነበረች። ተፈትና አለፈች።

ይህን ወሬ መጀመሪያ የሰማችው እናናየሁ ናት፤ ጥሪው በእሷ ገመድ ስላለፈ። መስመሩን ከፍታ አፊፋን «እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች አፊፋ። ቀጥላም «ሐሙስ በአውቶቡስ አልፋለሁ። በምሳ ሰዓት ነው የሚደርሰው» አለች። ከሥራ ውጭ በመስመሩ ላይ የተነጋገሩት የመጀመሪያው ቃላቸው ይኸው ነበር።

ሐሙስ እናናየሁ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቀድማ ቆመች። አውቶቡሱ ሲደርስ አፊፋ ልጆችና ዶሮ የያዙ ሴቶችን አልፋ ወረደች። አባቷ ከአልዩ አምባ የላኩላትን አዲስ የቆዳ ሻንጣ ከጣራው ላይ እንዳያወርደው ለረዳቱ ታሳያለች። ሐር የመሰለ ሻሽ አስራለች። ፊቷ ሞልቷል። ስለምትገባበት መሥሪያ ቤት ስታወራ ስንት ማዞሪያ በአንድ ክፍል እንዳለ፣ ስልከኞቹ በፈረቃ እንደሚሠሩ፣ ውጭ አገር ሁሉ እንደሚያገናኙ ነገረቻት።

እናናየሁ እያዳመጠች ነበር። ያ ነገር ደግሞ መጣ። ልክ ሰሌዳው ፊት እንደቆመችበት ቀን ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ አለመሞቱ አስደነገጣት። ወደ ዶሮዎቹ አየች፣ ወደ ሾፌሩ አየች፤ ከዚያ ፈገግታዋን ተወችው።

«ቀናሁብሽ» አለቻት።

አፊፋ ንግግሯን አቋርጣ ተመለከተቻት።

«አሁን ነው?»

«አሁን። ያኔም። ከፊተኛው ፈተና ጀምሮ።»

«አውቀው ነበር» አለች አፊፋ። «ከአፍሽ ስሰማው ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።» ሻሿን አስተካከለች። «እኔም አንዴ ቀንቼብሻለሁ። መዘዞ ሆኜ ጠዋት ‹ደብረ ብርሃን› ብዬ ስጠራ አንቺ ‹አቤት› ስትዪ። ማዳመጫውን ብወረውረው ደስ ይለኝ ነበር።»

«አንድም ቀን አልነገርሽኝም።»

«ቁጥር ስንት ብቻ ነበር የምትጠይቂኝ።»

ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ተቃቀፉ፤ ጎረቤቶች በበዓል እንደሚተቃቀፉት ፈጠን ያለ ነበር። አፊፋ በመስኮቱ በኩል አንገቷን አውጥታ አዲስ አበባ የምታርፍበትን የአጎቷን የረሺድን ቤት ስልክ ቁጥር ነገረቻት፤ አንድ በአንድ። እናናየሁ የምትጽፍበት አልያዘችም፤ በቃሏ ያዘችው። አውቶቡሱ ወደ አዲስ አበባ ሲታጠፍ የምሳ ሰዓቷ ሊያልቅ ስለነበር እርምጃዋን አፋጥና ወደ ስልክ ቤቱ ተመለሰች። አግዳሚው ላይ አምስት ሰው ይጠብቃት ነበር።